የአራት ሴቶች ቦሞንት

ኔቲ ዛፖሮዛን በካሊና ቤይ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታለች። ቁመቷ አጭር ነው፤ ከመሪው በላይ የሚታየው የሹራብ ኮፍያዋ ብቻ ስለነበር ልጆቹ «ኮፍያው መጣ! ኮፍያው መጣ!» እያሉ ነበር የሚሳፈሩት። መንገዱ በበረዶ ሲደፈን አካፋዋን ይዛ ትወርዳለች፣ ዝቃ ታልፋለች፤ ወደ ኋላ መመለስ አታውቅም። ፔሮሂ የሚባለውን ድንች የተሞላ ሊጥ ቀቅላ፣ በቅቤና በሽንኩርት ጠብሳ ያላበላችው ሰው በከተማችን የለም። ያልሰደበችውም የለም።

ሰው ስሟን ሲያነሳ ግን አብሮ የሚያነሳው አውቶቡሱን ሳይሆን ቦሞንቷን ነው። «ቦሞንቷ» ስል ራሴን ማረም አለብኝ፤ መኪናዋ የአራት ሴቶች ነበረች።

እኔ ስታን እባላለሁ። የከርሊንግ ቤታችንን በረዶ ውኃ እየረጨሁ፣ እየላግሁ የማሰናዳው እኔ ነኝ፤ በዚህ ሥራ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ። ከርሊንግ ማለት ከባድ ድቡልቡል ድንጋይ በበረዶ ላይ አንሸራትቶ ክብ ውስጥ ማሳረፍ ነው፤ ጓደኞችህ ከድንጋዩ ፊት ፊት እየሮጡ በረዶውን በመጥረጊያ ይፈትጉልሃል። በእኛ በኩል ክረምቱ ግማሽ ዓመት ነው፤ ያ ቤት ባይኖር ሰው እርስ በርሱ ይበላላ ነበር። የመኪናዋን ታሪክ ግማሹን ከሰው አፍ ሰማሁ፣ ግማሹን በዓይኔ አየሁ።

ነገሩ የጀመረው ሜትሮ ህሪትሳክ ከሚባል የገበሬ ልጅ ነው። ስንዴው አምሮ በታየበት በጋ፣ ሜትሮ ከተማችን ወደነበረው መኪና ሻጭ ወደ ክላረንስ ታቸር ሄደና የ66 ሞዴል ቦሞንት አዘዘ። ያውም እንደ ሰው ባለ አራት በርና ትንሽ ሞተሯን አይደለም፤ ሁለት በር፣ ከሞተሩ ሁሉ ትልቁ፣ በእጅ የሚቀየር አራት ማርሽ። ክላረንስ «ሬዲዮስ?» ቢለው፣

«ሬዲዮ ምን ያደርግልኛል? ሞተሩን ነው የማዳምጠው» አለ።

መኪናዋ ከኦሻዋ ፋብሪካ እስክትደርስ ግን የበረዶ ውርጅብኝ ስንዴውን ከአፈር ደባለቀው። ሜትሮ መጥቶ አንዴ ገባባት፣ መሪዋን ዳሰሰ፣ ወርዶ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋና «ባላየሁሽ ይሻለኝ ነበር» ብሏት ወደ ሰሜን፣ ወደ ማዕድን ሥራ ሄደ። መኪናዋ ክላረንስ ግቢ ውስጥ ተገተረች። ገበሬው «ሁለት በር ምን ይሠራልኛል?» ይላል። አስተማሪው «ቤንዚን እንደ ውኃ የምትጠጣ» ይላል። ቄሱ መጥተው ኮፈኗን ከፍተው አዩና አማትበው ዘጉት።

ጥር ላይ ትልቁ የከርሊንግ ውድድር ደረሰ። ክላረንስ «ላሸነፈው ቡድን ቦሞንቷን እሸልማለሁ» ብሎ አስነገረ። ቸርነት እንዳይመስላችሁ፤ የእሱ ቡድን ሦስት ዓመት ተከታትሎ ያሸነፈ ነበር። በጭብጨባ መሐል የራሱን መኪና መልሶ ሊወስድ ነው ሐሳቡ። አራት ሴቶች ሲመዘገቡ ጊዜ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«እነዚህ ከወሰዷት የጢሜን ግማሽ ተላጭቼ አንድ ሳምንት እዞራለሁ!»

አራቱ ሴቶች ኔቲ፣ ፖስታ ቤት የምትሠራው ሉሲል፣ የአሳማ አርቢው ሚስት በርኒስ፣ እና አለቃቸው ቶራ ብያርናሶን ነበሩ። ቶራ ረጅም፣ ቃል የማታባክን፣ የአይስላንድ ዘር ያላት ሴት ናት፤ ባሏ ስካፕቲ በሐይቃችን ላይ ዓሣ ያጠምዳል። ኔቲ ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቷ ነው።

ሴቶቹ ለፍጻሜ ደረሱ። ተጋጣሚያቸው ደግሞ ራሱ ክላረንስ። የቀረው የቶራ የመጨረሻ ድንጋይ ብቻ ሲሆን የክላረንስ ድንጋይ ክቡ መሐል ተቀምጧል። ቶራ ለቀቀችው። ድንጋዩ ቀስ አለ፣ በጣም ቀስ አለ። «ጥረጉ!» ብላ ጮኸች፤ በሕይወቷ ያን ያህል ጮኻ አታውቅም። ኔቲ በኋላ ስትነግረኝ፣ «ስታን፣ ሳንባዬ በጆሮዬ የወጣ መስሎኝ ነበር። መጥረጊያዬ ተሰበረ፤ በስባሪው ጠረግኩ» ብላኛለች። ድንጋዩ እየዳኸ ሄዶ የክላረንስን ድንጋይ ነካ አድርጎ ገፋውና በቦታው ተቀመጠ።

ክላረንስ ቃሉን አላጠፈም። በግማሽ ጢም አንድ ሳምንት ሙሉ ሱቁን ከፍቶ ሠራ፤ በዚያ ሳምንት የገባለት ገበያ በዓመት አልገባለትም ይባላል።

አንድ መኪና ለአራት እንዴት ይካፈላል? ኔቲ የውጤት መጻፊያው ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፈችው፤ አንድ አንድ ሳምንት በተራ፣ ርክክብ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በከርሊንግ ቤቱ ግቢ፣ ባለቤቶቹ ሁሉ ካልተስማሙ አትሸጥም። አራቱም ፈረሙ። ሊብሬው ላይም አራት ስም ሰፈረ።

ከዚያማ እንደ ማንኛውም መኪና ተሠራባት። በርኒስ ከኋላ ወንበር የአሳማ ግልገል ጭናባታለች። ሉሲል ትልልቅ የፖስታ ከረጢት አግዛባታለች። ኔቲ ድንች ታመላልስባት ነበር፤ አንድ ቀን አውራ ጎዳናው ላይ አዲስ መኪና የገዛ ጎረምሳ አጠገቧ መጥቶ ጥሩንባ እየነፋ ቢያሾፍባት፣ ማርሹን ቀነሰችና ነዳጁን ረገጠች። ልጁ ነዳጅ ማደያው ሲደርስ እሷ ቤንዚን ቀድታ፣ ቡና ጠጥታ እየወጣች ነበር።

«ከኋላዋ አራት ጆንያ ድንች ነበር እኮ!» ይላል ያ ጎረምሳ እስከ ዛሬ። አሁን አያት ነው።

ሉሲል አግብታ ወደ ቫንኩቨር ስትሄድ ድርሻዋን ለሦስቱ ለቀቀች። በርኒስን ካንሰር ወሰዳት፤ ባሏም «የእሷ ሳምንት የጓደኞቿ ይሁን» ብሎ ፈረመ። ቀሩ ኔቲና ቶራ።

አሁን ወደ ጠቡ ልምጣ። ስካፕቲ በየመከሩ ቦሞንቷን ዓሣ ማከማቻው ውስጥ በእንጨት ላይ ያወጣትና ከሥሯ ገብቶ አንድ የራሱን ቅባት ይረጭባት ነበር፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከዓሣ ስብ ጋር ተቀላቅሎ። «ጀልባዬን የጠበቀ እሷንም ይጠብቃታል» ይላል። ሽታው አይጣል ነው! መኪናዋ የቆመችበት ሁሉ የከተማው ድመት ከሥሯ ይሰበሰባል። ኔቲ በተራዋ ሳምንት አፍንጫዋን በሻርፕ አስራ ነበር የምትነዳት።

የኔቲ ልጅ ማርሲያ ጥቅምት ላይ ስታገባ ሙሽራዋን የምትወስደው ቦሞንቷ ሆነች። ነጭ ጥብጣብ ታሰረባት፣ ታጠበች፣ ተወለወለች። ስካፕቲ ግን ያን ሰሞን ነበር የረጫት። ማርሚታው ሲግል ቅባቱ ይጠበስ ጀመር። ማርሲያ በነጭ ቀሚሷ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስትወርድ ጭሱም አብሮ ወረደ፤ አምስት ድመቶች ተከትለዋት ደረጃውን ወጡ። እንግዳው በሳቅ ፈረሰ። ዲያቆኑ ድመቶቹን በጧፍ መቅረዝ ሲያባርር የሚታይበት ፎቶ አለ።

ኔቲ ግብዣው ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ቶራ ፊት ቆመች።

«የልጄን ሠርግ የዓሣ ገበያ አደረግሽው!»

«ከምትዝግ ትግማ» አለች ቶራ፣ ሹካዋን ሳታስቀምጥ።

«የባልሽን ጭቃ ከዚህ በኋላ እንዳላይ!»

«ታዲያ አትግቢባታ።»

በቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች ቃል አልተለዋወጡም። መኪናዋን ግን አልተዉም! ባለተራዋ እሑድ በግቢው አቁማት፣ ቁልፉን ሲጋራ መተርኮሻው ውስጥ ትታ ትሄዳለች፤ ሌላዋ ከሩብ ሰዓት በኋላ መጥታ ትወስዳለች። መልእክተኛው እኔ ነበርኩ።

«ስታን፣ ለዚያች ሴትዮ የግራው ጎማ አየር ይፈልጋል በላት።»

«ስታን፣ ለዚያች አጭር ሴትዮ አየሁት በላት።»

አሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ ኖርን። እኔ ትዳሬ እንኳ ያን ያህል አልቆየም።

ከዚያ አንድ የሚያዝያ እሑድ ሬጂስ ጎድሪ የሚባል የዊኒፔግ ሰው መጣ። ነዳጅ ማደያው ውስጥ ስለ ድንቹ ሲወራ ሰምቶ ነው። ኔቲ ቁልፉን አውጥታ ልትነሳ ስትል ግቢው ውስጥ ደረሰ፤ መኪናዋን ሲያይ የራሱን በር መዝጋት ረሳ።

«ወይዘሮ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ኮፈኗን ቢከፍቱልኝ?»

«ምን ልትሸጥልኝ ነው?»

«ምንም አልሸጥም። ማየት ብቻ ነው።»

ከፈተችለት። ሞተሩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በባትሪ እያበራ አነበበ፣ ማስታወሻ ደብተሩን ገለጠ፣ እንደገና አነበበ። የፊቷ ላይ የሜፕል ቅጠል ምልክቷን በጣቱ ነካ። ከዚያ አዲሱን ጃኬቱን ሳያወልቅ በጀርባው በረዶ ላይ ተኝቶ ከሥሯ ገባ። እግሩ ብቻ ቀረ። ኔቲ ወደ እኔ ዞረች።

«ይኼ ሰውዬ ጤነኛ ነው?»

ሲወጣ ፊቱ ጥቁር በጥቁር ነው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ዝገት የለም» አለ። «አንድም ቦታ! ቅባቱ ገና እርጥብ ነው፤ የቀባው ማነው?»

«እሱን ግማት ነው የምትጠይቀኝ? የአንድ ዓሣ አጥማጅ ሥራ ነው። በሱ ሰበብ ከሰው ተጣልቻለሁ።»

«የሰውዬው እጅ ይባረክ! ወይዘሮ፣ ምን እየነዱ እንዳሉ ያውቃሉ?»

«ድንች መጫኛ።»

ሬጂስ ጭቃ እንደሆነ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነገራት። ያን ጊዜ ከድንበር ማዶ የሚገባ መኪና ቀረጡ ከባድ ስለነበር ለእኛ ገበያ ተብለው እዚሁ የሚሠሩ መኪኖች ነበሩ። ቦሞንት ከነሱ አንዷ ናት፤ አሜሪካኖቹ ቼቬል የሚሏት እህቷን እንጂ እሷን አያውቋትም።

«ቼቬል ቢፈልጉ በየከተማው አለ» አለ። «ቦሞንት ድሮም ጥቂት ነው የተሠራው። ከጥቂቶቹ ይህን ትልቅ ሞተር ከአራት ማርሽ ጋር ያዘዘ የጣት ቁጥር ነው። የታዘዙትን ደግሞ ጎረምሳ ከዛፍ አጋጫቸው፣ የቀሩትን የመንገድ ጨው በላቸው። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ፈልጌ ሦስት አየሁ። ሁለቱ የውሸት ናቸው፤ ትንሹን ሞተር አውጥተው ትልቅ ገጥመውባቸው ነው። ሦስተኛው ቦዲ ብቻ፤ ውስጡ ዶሮ ይኖርበት ነበር።» ከዚያ ዋጋ ጠራላት። ስልሳ ሺህ ዶላር።

ኔቲ አልደነገጠችም፤ ወይም ደንግጣ አልታወቀባትም። ሌላ ነገር ነው ያሰበችው።

«ቆይ አንተ ልጅ። ቅባቱ እርጥብ ነው ያልከው?»

«ትኩስ ነው። ባለፈው መከር የተረጨ።»

«ስካፕቲ ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው!»

ሁለቱም እኔን አዩኝ። ምን ልበል? «ቶራ ናት የምትረጨው» አልኩ። «በየመከሩ ከሥር ትገባለች። እኔ መብራት እይዝላታለሁ። እንዳትነግራት ብላኛለች።»

ኔቲ ኮፍያዋን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች። ከዚያ ቦሞንቷ ውስጥ ገባችና ሬጂስን እዚያው ትታው ነዳች። እኔም ሬጂስን በፒክአፔ ይዤ ተከተልኳት፤ ይህ የሚያመልጠው ሰው አይደለሁም።

ሐይቁ ዳር ያለው የቶራ ቤት በር ተከፈተ። በአሥራ ስምንት ዓመት የመጀመሪያው ቃል የቶራ ነበር።

«ሳምንቱ የአንቺ ነው። ምን ፈለግሽ?»

«ዝገት የለባትም።»

«አውቃለሁ።»

«በሰባ ሁለት ዓመትሽ መኪና ሥር ትገቢያለሽ? እብድ ነሽ?»

«ማን ይግባ? አንቺ ትገቢ ነበር?»

«ብትነግሪኝ እገባ ነበር!»

«እንዴት ልንገርሽ? አናወራማ!»

የኔቲ ከንፈር ሲንቀጠቀጥ ልታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ ነው። ቶራም የበሩን እጀታ እንደያዘች ትከሻዋ ይርገፈገፍ ጀመር።

«የማርሲያን ሠርግ ግን አበላሽተሻል» አለች ኔቲ እንባዋን እየጠረገች።

«ማርሲያ እንደዚያ አትልም። በየገናው ካርድ ትልክልኛለች። ‹ሠርጌን አገር የሚያስታውስልኝ በድመቶቹ ነው› ብላ ጽፋልኛለች።»

«የኔ ልጅ? ለአንቺ?»

«አሥራ ስምንት ካርድ አለኝ። ግቢና ላሳይሽ። ያ ጥቁር ሰውዬ ግን ማነው?»

ሬጂስ ነው፤ ፊቱን አልታጠበም ነበር። ቶራ ፎጣ ሰጠችው፣ ከቪናርተርታዋም ቆርሳ ሰጠችው፤ በፕሪም የተሞላ ባለ ብዙ ድርብ ኬክ ነው፣ ቆርሳ ለማንም አትሰጥም። የመጣበትን ሲነግራት ሰማችው። ያን ቀን መልስ አልሰጡትም። እሱም አልገፋም፤ እንዲያውም ሻሲው ላይ ያለውን ቁጥር ለፋብሪካው መዝገብ ቤት እንዲልኩ መከራቸው። ከወር በኋላ ደብዳቤው ሲመጣ ሁሉም ነገር ነበረበት፤ ሞተሩ፣ ማርሹ፣ ሰማያዊ ቀለሟ፣ «ሬዲዮ የለም» የሚለው ሳይቀር። ሬጂስ ደብዳቤውን አንብቦ ራሱን ነቀነቀ።

«በስልሳ ሺህ ብገዛት ሌባ ነኝ» አለ። «ከዚያ በላይ ታወጣለች። እኔ ያን ያህል የለኝም።»

«ታዲያ ዝም ብለህ ገንዘብ አጠራቅም» አለችው ኔቲ። «ሌላ ሰው አናስገባም።»

ሦስት በጋ አጠራቀመ። በነዚያ ሦስት በጋ ሁለቱ ሴቶች ተራ የሚባለውን ትተው አብረው ይዞሩባት ነበር። ዊኒፔግ ውስጥ የድሮ መኪኖች ትርኢት ላይ ወሰዷት፣ እኔም አብሬ ሄድኩ፤ ዙሪያዋን መስታወት የመሰሉ መኪኖች፣ እሷ ከነጭረቷ፣ ከነድንች አቧራዋ። አንድ ከሚኒሶታ የመጣ ሰውዬ ሲያልፍ ቆመ።

«ይህች ቼቬል ምን ሆና ነው ፊቷ የተለወጠው?»

«ፊቷ የተለወጠው ያንተዋ ናት» አለች ቶራ።

ሰውዬው የነገሩትን ሰምቶ ሌላ ሰው ጠራ፣ ያም ሌላ ጠራ። ከሰዓት በኋላ ላይ ከመስታወቶቹ አጠገብ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም እኛው ጋ በጉልበቱ ተንበርክኮ ከሥሯ እያየ ያሸታል። ኔቲ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ «በነጻ ነው፤ ማሽተት በነጻ ነው» እያለች ታስተናግድ ነበር።

በመጨረሻ የቶራ ጉልበት ፍሪሲዮን መርገጥ እምቢ አለ፣ ዓይኗም ደከመ። «ካለ እኔ ብቻሽን ምን ታደርጊባታለሽ?» አለቻት ኔቲን። ተስማሙ፤ ሁለቱም ፈረሙ። ሬጂስ ከስልሳ ሺህ በላይ፣ የሚገባትን ዋጋ ከፍሎ ወሰዳት። ኔቲ ሁለተኛው ማርሽ በግድ ሳይሆን በልመና እንደሚገባ አሳየችው፣ በሩ ሲዘጋ ወደ ላይ ከፍ መደረግ እንዳለበት አሳየችው። ቶራ ከመስኮት ሆና አየች እንጂ አልወጣችም። ሬጂስ እስከ ዛሬ ይነዳታል። ዋጋዋ ያን ጊዜ ከሰጠው እጥፍ ሆኗል ሲባል ሰምታ ኔቲ «ይብላኝ ለማይነዳት» አለች እንጂ አልቆጫትም። በድርሻዋ የቤቷን ጣሪያ አሠራችና ቶራን ይዛ ቫንኩቨር ሉሲል ጋ ሄደች፤ ሦስት ሳምንት አብረው ካርታ ተጫወቱ።

ቶራ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረች። ስትቀበር የሬሳ ሣጥኗን ጫፍ ከያዙት ስድስት ሰዎች አንዷ ኔቲ ነበረች፤ ቁመቷ ስለማይደርስ እጇን ሰቅላ።

አሁን ኔቲ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው። ያለፈው የካቲት ሐይቁ በደንብ ሲረጋ አንድ አሮጌ የእርሻ ፒክአፕ አምጥታ በበረዶው ላይ በእጅ ማርሽ መንዳት ማስተማር ጀመረች። «እዚህ የሚጋጩት ነገር የለም» ትላለች። «የዛሬ ልጅ ፍሪሲዮን ሲባል መድኃኒት ይመስለዋል።» ነርሷ ተማረች፣ የፋርማሲው ልጅ ተማረች። ቅዳሜ ዕለት ተረኛው አዲሱ ቄሳችን አባ ቦህዳን ነበሩ። ዳር ሆኜ ስቆጥር አሥራ አንድ ጊዜ ሞተሩ ጠፋባቸው፤ በአሥራ ሁለተኛው ዓይናቸውን ጨፍነው መጸለይ ጀመሩ።

«አባ፣ ጸሎቱ ይቆይና እግርዎን ቀስ አድርገው ያንሱ!» ብላ ኔቲ ከጎኔ ቆማ ጮኸችባቸው።

ቀስ አድርገው አነሱ። ፒክአፑ ተንገጫግጮ ሄደ፣ ፍጥነት ጨመረ፣ ወደ መሐል ሐይቁ እየራቀ እየራቀ ሄደ። ማቆም ገና አላስተማረቻቸውም ነበር።